የዳቶው ቤት ተሽጦ ዶክትሬት ልማር?

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምክር ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምጽፍልዎ ከሀዋሳ፣ ከአቶቴ ሰፈር ነው። ዕድሜዬ 27 ነው። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከጥቂት ዓመታት በፊት ታሞብን ነበር። መጀመሪያ ጸበል ወሰድነው፤ በኋላ ሆስፒታል። መድኃኒት ጀመረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተሻለው። ግን በሳምንት አንዴ እንኳ ቁጭ ብሎ የሚያዋራው ባለሙያ አላገኘንለትም። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት እሆናለሁ ያልኩት ያኔ ነው።

አጎቴ አሜሪካ ነው የሚኖረው። እሱ ባገኘልኝ አንድ የግል ተቋም ለዶክትሬት አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። ፕሮግራሙ ሳይዲ (PsyD) የሚባል የሳይኮሎጂ ዶክትሬት ነው። ክፍያው በዓመት ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ስኮላርሺፕ የለውም። አባቴ ዳቶ ያለችንን የኪራይ ቤት ሽጦ የመጀመሪያውን ዓመት ሊከፍልልኝ ተነሥቷል። ለቀጣዩ 'እዛ ከደረስሽ እግዜር ያውቃል' ይላል። አጎቴም 'እዚህ ሰው እየሠራ ነው የሚማረው' ይለኛል። እናቴ ዝም ብላለች። ቦታዬን ለመያዝ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተቀማጭ መክፈል አለብኝ።

ፕሮግራሙ የተማሪዎች ቅበላና ውጤት የሚል ሠንጠረዥ አውጥቷል። አነበብኩት፤ አልገባኝም። ጓደኛዬ 'ካመለከተው ሰው ግማሹን የሚቀበል ትምህርት ቤት ጥሩ አይደለም' አለችኝ። እውነት ነው? ቤቱስ ይሸጥ?

ማ. ከሀዋሳ»

መልስ፦

እህቴ ማ.፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ወንድምሽም እንኳን ተሻለው። የሚያዋራው ሰው ያጣ በሽተኛ ስንት እንዳለ በሥራሽ በየቀኑ ታዪዋለሽ። ይህን ሙያ መፈለግሽ ደስ ብሎኛል፤ ከዚህ በታች የምልሽን ሁሉ እንደ ተስፋ ማስቆረጥ እንዳትወስጂብኝ።

ጊዜ ስለሌለሽ መልሴን ላስቀድም። ቤቱ አይሸጥ። ቢያንስ አሁን አይሸጥ። ምክንያቱ ደግሞ አልገባኝም ያልሽው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው ያለው። አብረን እናንብበው።

በአሜሪካ ለሳይኮሎጂ ዶክትሬት ፕሮግራሞች በዋናነት እውቅና የሚሰጠው የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የእውቅና ኮሚሽን ነው። እውቅና የሰጠው ፕሮግራም ሁሉ ይህን ሠንጠረዥ ለሕዝብ እንዲያወጣ ያስገድዳል። በየዓመቱም እስከ ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21፣ እንዲታደስ ይጠይቃል። የተዘጋጀው እንዳንቺ ላለ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እውነቱን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የታደሰበትን ዓመት እይ። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ራሱ በኮሚሽኑ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጪ። ዩኒቨርሲቲው እውቅና አለው ማለት ፕሮግራሙ አለው ማለት አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ለሚሰጥ ዶክትሬት ደግሞ ይህ ኮሚሽን እውቅና አይሰጥም።

የጓደኛሽ አባባል ግማሹ እውነት ነው። በዚህ ሙያ ሁለት ዓይነት ዶክትሬት አለ። ፒኤችዲው እ.ኤ.አ. በ1949 ቦልደር፣ ኮሎራዶ ላይ በተደረገ ጉባኤ የተቀረጸ ነው፤ ተማሪው ተመራማሪም ሕክምና ሰጪም እንዲሆን ያሠለጥናል። ሳይዲው በ1973 እዚያው ኮሎራዶ፣ ቬይል በተደረገ ሌላ ጉባኤ ድጋፍ ያገኘ ነው፤ ሚዛኑ ወደ ሕክምናው ሥራ ያደላል። ሁለቱም ለሙያ ፈቃድ ያበቃሉ። ልዩነቱ የሚሰማሽ ኪስ ላይ ነው። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ፒኤችዲ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያሽን ይሸፍናል፤ በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት እየሠራሽ አበል ይከፍልሻል። ስለዚህ በዓመት የሚወስደው ጥቂት ተማሪ ብቻ ነው፤ የሚያመለክተው ግን በመቶዎች ይቆጠራል። የግል ተቋማት ሳይዲ በአብዛኛው በተማሪው ክፍያ የሚተዳደር ስለሆነ ብዙ ሰው ይቀበላል። ብዙ መቀበል ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥሩ ሳይዲዎች አሉ፤ ድጋፍ የሚሰጡም አሉ። ከመቀበሉ ይልቅ የተቀበላቸው ሰዎች የት ደረሱ የሚለውን ጠይቂ። እሱን ደግሞ ሠንጠረዡ ይነግርሻል።

ያቋረጡትን በሚያሳየው ክፍል ጀምሪ። ብዙ ሰው አይቶት ያልፈዋል። እያንዳንዱ ዓምድ በአንድ ዓመት የገቡትን ተማሪዎች ይይዛል፤ ስንቱ ተመረቁ፣ ስንቱ ገና እየተማሩ ነው፣ ስንቱ ሳይመረቁ ወጡ የሚለውን ያሳያል። ያለፈው ዓመት ወይም የካቻምና ገቢዎች ዓምድ አያታልልሽ። ገና ስለጀመሩ ያቋረጠ አይኖርም፣ ወይም ጥቂት ነው። አንቺ ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት የገቡትን ተመልከቺ። እንበልና 40 ገብተው 10 ሳይመረቁ ቢወጡ፣ ከአራቱ አንዱ ከፍሎ ከፍሎ ባዶ እጁን ወጥቷል ማለት ነው። ደግሞ አስተውይ፤ በዓመት አምስት ሰው ብቻ የሚወስድ ፕሮግራም አንድ ሰው ቢወጣበት 20 በመቶ ይሆናል። ለትንሽ ፕሮግራም የአንድ ዓመቱን አትዪ፤ የብዙ ዓመቱን ደምሪ።

ቀጥሎ ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም የተግባር ሥልጠናው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ አንቺን በተለይ የሚነካ ነገር አለበት።

ዶክትሬቱ ከመሰጠቱ በፊት የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ኢንተርንሺፕ ግዴታ ነው። ቦታው እንደ እኛ ኮሌጆች በትምህርት ቤቱ አይመደብልሽም። በአገር አቀፍ ደረጃ ታመለክቻለሽ፤ ቃለ መጠይቅ ታደርጊያለሽ፤ አንቺ ቦታዎቹን በምርጫሽ ቅደም ተከተል ትሞያለሽ፤ እነሱም እናንተን እንደዚያው። ከዚያ ኮምፒውተር ያገናኛል። ቦታ ያላገኘ ተማሪ ሁለተኛውን ዙር ይሞክራል፤ ያም ካልሆነ አንድ ዓመት ይጠብቃል። ሠንጠረዡ ይህንን በተለያዩ መስመሮች ያስቀምጠዋል። አንዱ መስመር እውቅና ያለው ኢንተርንሺፕ ያገኙትን ይነግርሻል። ሌላው እውቅና የሌለው ያገኙትን። ሌላው ደግሞ ማንኛውንም ዓይነት ያገኙትን በድምሩ። ማስታወቂያ ላይ 'ተማሪዎቻችን ኢንተርንሺፕ ያገኛሉ' ተብሎ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ድምሩ ነው። አንቺ የመጀመሪያውን መስመር ያዢ። እዚያ ላይ ቁጥሩ ዝቅ ካለ፣ ያ ፕሮግራም ተማሪዎቹን ለውድድር አላዘጋጀም። አንዳንድ አሠሪዎችና አንዳንድ የፈቃድ ቦርዶች እውቅና ያለውን ኢንተርንሺፕ ስለሚፈልጉ መዘዙ ከምርቃት በኋላም ይከተልሻል።

አሁን ወዳንቺ። በአሜሪካ ከማንም በላይ ሳይኮሎጂስት የሚያሠለጥነው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ሆስፒታሎቹ በመላ አገሪቱ አሉ፤ ከፍተኛውን የኢንተርንሺፕ ቦታም ይይዛሉ። የሚቀበሉት ግን የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። አንቺ በተማሪ ቪዛ ስትሄጂ ይህ ሁሉ ቦታ ከመጀመሪያው ዝግ ነው። የቀሩት የዩኒቨርሲቲ ምክር ማዕከላት፣ የልጆች ሆስፒታሎች፣ የማኅበረሰብ ክሊኒኮችና የመሳሰሉት ናቸው፤ ከእነሱም ዜግነት የሚጠይቁ አይጠፉም። ሊሆን አይችልም እያልኩሽ አይደለም፤ በየዓመቱ የውጭ አገር ተማሪዎች ያገኛሉ። ግን ለአንቺ ውድድሩ ከአሜሪካዊቷ የክፍል ጓደኛሽ የጠበበ ነው። ሠንጠረዡ ደግሞ ዜጋና የውጭ ተማሪ ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ ይህንን ራስሽ መጠየቅ አለብሽ።

የቆይታ ጊዜውን በፍጥነት እንለፈው። አማካዩንና መሐል ላይ የሚወድቀውን ቁጥር ለየብቻ ያስቀምጣሉ፤ አማካዩ በጣም ከበለጠ ጥቂት ሰዎች ብዙ ዓመት ተጎትተዋል ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በታች፣ በአምስት፣ በስድስት፣ በሰባት፣ ከሰባት በላይ የጨረሱት በመቶኛ ተቀምጧል። አባትሽ የሚያስቡት አራት ዓመት ከሆነ ይህንን መስመር አሳዪያቸው።

የሙያ ፈቃዱ ክፍል የሚቆጥረው ከሁለት እስከ አሥር ዓመት በፊት የተመረቁትን ነው። ስንቱ ፈቃድ አወጡ ነው ጥያቄው። ፈቃድ ለማውጣት ከሌሎች መሥፈርቶች ጋር 225 ጥያቄ ያለው ብሔራዊ ፈተና አለ። ምርምር ላይ በሚያተኩር ፒኤችዲ ይህ ቁጥር ዝቅ ቢል ላያስደነግጥ ይችላል፤ መምህርና ተመራማሪ የሚሆኑ አሉ፤ ወደ አገራቸው የሚመለሱም አሉ። ሕክምና ሰጪ አፈራለሁ በሚል ሳይዲ ላይ ዝቅ ካለ ግን ሰበብ የለውም።

ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። ልጅ ለማስተማር ቤት የሸጠ አባት ከተማችን ውስጥ ብዙ ነው፤ ፍቅሩን አከብራለሁ። ነገር ግን ሒሳቡን በወረቀት ላይ አስቀምጡት። በዓመት 40 ሺህ ዶላር በአራት ዓመት 160 ሺህ ዶላር ነው። የቤት ኪራይ፣ ምግብና የጤና ኢንሹራንስ አልተነካም። የኢንተርንሺፕ ዓመትም ክፍያ ሊኖረው ይችላል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል፤ ወደፊት የት እንደሚደርስ ማንም አያረጋግጥልሽም። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛሽ የሚጠይቀው የአንድ ዓመት የገንዘብ ማስረጃ ነው። ያንን ማሟላት ቀላል ነው ባልልም ቤት ሲሸጥ ይሟላል። ችግሩ ሁለተኛው ዓመት ላይ ይጀምራል። ቤቱ ተሽጧል፤ ኪራዩ ቀርቷል፤ አንቺ ባሕር ማዶ ነሽ።

የአጎትሽ ሐሳብ ቅን ነው። እዚያ ሰው እየሠራ ይማራል፤ እውነቱን ነው። ያ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ልዩ ፈቃድ የምትሠሪው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፤ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም። አሜሪካውያን የክፍል ጓደኞችሽ የሚበደሩትን የመንግሥት የትምህርት ብድር አንቺ አታገኚም። ከግቢ ውጭ ተደብቆ መሥራት ደግሞ ቪዛሽን ያሳጣሻል። አጎትሽ ለሁለተኛውም፣ ለሦስተኛውም፣ ለአራተኛውም ዓመት እኔ እከፍላለሁ ካሉ ሌላ ጉዳይ ነው። በግልጽ ይጠየቁ። ነውር የለውም፤ ቤት ሊሸጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አርጎሲ የሚባል በብዙ ግዛቶች ቅርንጫፍ የነበረው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ተዘጋ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የሚማሩ የሳይዲ ተማሪዎች ነበሩት። ክፍል ገብተው ሲማሩ የከረሙ ሰዎች በሴሚስተሩ መሐል ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጡ። የአንቺው ተቋም እንዲህ ይሆናል አላልኩም። በተማሪ ክፍያ ብቻ የሚቆም ተቋም ግን ሲናጋ አብሮ የሚናጋው ተማሪው ስለሆነ፣ የገንዘብ አቋሙን ማጣራት መብትሽ ነው።

ታዲያ ምን ታድርጊ? ሕልምሽን አትተዪ። መንገዱን ቀይሪ።

በአሜሪካ ለፒኤችዲ ለማመልከት ማስተርስ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላሉ፤ ማስተርሱን በመንገድ ላይ ትይዣለሽ። የሚጠይቁት የምርምር ልምድ ነው። ያለሽ የምክር ሥራ ልምድ ቁም ነገር ነው፤ ሆኖም ብቻውን ለፒኤችዲ አያስገባሽም። እዚሁ አገር ልምዱን ማግኘት ይቻላል። ኢትዮጵያ በአእምሮ ጤና ምርምር በዓለም የሚታወቅ ሥራ ያላት አገር ናት፤ ቡታጅራ ላይ ለረጅም ዓመታት የተካሄዱት ጥናቶች ብዙ ይጠቀሳሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠናን በ2003 እ.ኤ.አ. ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ጀምሯል፤ በአእምሮ ጤና ኤፒዲሚዮሎጂም ፒኤችዲ ይሰጣል። በነዚህ ቤቶችና እዚሁ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ መምህራን መረጃ ሰብሳቢ፣ ሱፐርቫይዘር፣ ረዳት ይፈልጋሉ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ያማከረሽን መምህር ሂጂና አናግሪ። መረጃ በመሰብሰብ ጀምረሽ በትንተናው ግቢ፤ ስምሽ አንድ የታተመ ጽሑፍ ላይ ቢሰፍር ለማመልከቻሽ ከምንም በላይ ይጠቅምሻል። ማስተርስ ካማረሽ የአዲስ አበባው የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ፣ የጅማው የአእምሮ ጤና ማስተርስ አሉ። ቤት ሳይሸጥ የሚማሯቸው ናቸው።

ለፒኤችዲ ስታመለክቺ ብዙ ጊዜ የምታመለክችው ለአንድ መምህር ነው። የምርምር ርእሱ ካንቺ ጋር የሚሄድ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ የሚወስድ መሆኑን አስቀድመሽ በኢሜይል ጠይቂው። የማመልከቻው መዝጊያ ብዙ ቦታ ዲሴምበር 1 ወይም በዚያ ሰሞን ነው፤ ወደ ኅዳር 22 ማለት ነው። ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ብዙዎች ትተውታል፤ የእንግሊዝኛ ፈተናው ግን አለ። የማመልከቻ ክፍያ ከብዶሽ እንደሆነ እንዲነሣልሽ ጠይቂ፤ የሚያነሡ አሉ። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ማውጣት የወጪ መጋራቱን ጉዳይ ስለሚያስከትል በክረምት ጀምሪው፤ ኅዳር ላይ ሬጅስትራር ደጅ ስትጠኚ ጊዜው እንዳያልፍብሽ።

በመግለጫ ደብዳቤሽ ላይ የወንድምሽን ነገር እንደምታነሺ እገምታለሁ። አንሺው፤ ግን በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሺው። መራጮቹ በግል ሐዘን የተሞላ ደብዳቤ ሲያዩ ይሠጋሉ፤ ሰውየው ለራሱ ሕክምና ፍለጋ የመጣ ይመስላቸዋል። ወንድምሽም ታሪኩ እንዲነገር ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቂው። የቀረውን ገጽ በሠራሽው ሥራና ልትመረምሪው በምትፈልጊው ጥያቄ ሙይው። መድኃኒቱ ኖሮ የሚያዋራ ሰው የታጣበት ከተማ ውስጥ ነው የምትሠሪው። ከዚያ የሚወጣ የምርምር ጥያቄ አለሽ፤ ይህ ማንም ሊሰጥሽ የማይችል ነው።

እናትሽ ዝም ብላለች ብለሽኛል። ለብቻዋ አስቀምጠሽ ጠይቂያት። የዳቶው ቤት ኪራይ የትኛውን ጎዶሎ እንደሚሞላ ከሁላችሁም በላይ የምታውቀው እሷ ትሆናለች።

በነዚህ ሦስት ሳምንታት ለፕሮግራሙ ኃላፊ በኢሜይል ጻፊ። ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት የውጭ አገር ተማሪ ገባ? ከእነሱ ስንቱ እውቅና ያለው ኢንተርንሺፕ አገኘ? ሳይመረቅ የወጣውስ ለምን ወጣ? ክፍያው በየዓመቱ በስንት ይጨምራል? ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ድጋፍ ያገኘ ተማሪ አለ? እየተማረች ያለች አንዲት የውጭ ተማሪ ሊያገናኙኝ ይችላሉ? ብዙ ፕሮግራሞች እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ ውሳኔ ይጠብቃሉና የተቀማጩ ቀን ከዚያ በፊት ከሆነ እንዲራዘምልሽም ጠይቂ። በቁጥር የሚመልስልሽ ፕሮግራም ከሆነ አብረን እናየዋለን። በሚያምር ቃል ብቻ መልሶ ተቀማጩን ቶሎ ክፈይ ካለሽ ቦታውን ልቀቂላቸው።

ኢሜይሉን በእንግሊዝኛ ረቂቅ አድርገሽ ላኪልኝ፤ አይቼ በማግሥቱ እመልስልሻለሁ።